ሳጥኑ ይተንፍስ! (ከሮም ቤተ መንግሥት እስከ ኮንዶሚኒየም)

ታሪክ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ጦርነት ነው። ማን ማንን ወጋ፣ ማን ማንን ገልብጦ ነገሠ፣ የትኛው ውል በየትኛው ቋንቋ ምን ይል ነበር… ትምህርት ቤትም ሲያስጠኑን የኖሩት ይሄንኑ ነው። ዛሬ የማወጋችሁ ታሪክ ግን ሰይፍ የለበትም (ነገሥታት ግን አሉበት፤ እነሱ የማይገቡበት ነገር የለም)። የሳጥን ታሪክ ነው። ሰው ተክልን ከሜዳ አንስቶ ቤት ውስጥ፣ ሳጥን ውስጥ፣ ድንኳን ውስጥ ላሳድግህ ብሎ ሁለት ሺህ ዓመት ገደማ የታገለበት ታሪክ።

ምን አስታወሰሽ ትሉኝ ይሆናል። እኛ እኮ ጓሮ የሌለን ትውልድ ነን። አያቶቻችን ጤና አዳሙን፣ በሶብላውን፣ ጎመኑን ከደጃቸው ነበር የሚቀጥፉት። የእኛ ጓሮ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለች በረንዳ ናት፤ እሷም ላይ ልብስ ተሰጥቶባታል። ስለዚህ ዘመኑ ያመጣው ዘዴ አለ። ከቱቦና ከፕላስቲክ የቁም ሣጥን የሚያህል ድንኳን ይሠራና፣ ውስጡ መብራት ይሰቀልና፣ ቃሪያውና ቲማቲሙ እዚያው ይፈላል። እንዲህ ያለ ድንኳን የሠራ ሰው ስታገኙ ልብ በሉ፤ መጀመሪያ የሚያወራችሁ ስለ መብራቱ ነው። ስንት ዋት፣ ምን ቀለም፣ ስንት ብር። ስለ አየሩ የሚያወራ ብርቅ ነው።

ታሪኩም ልክ እንደዚያ ነው። የሰው ልጅ ለተክሉ ሙቀትና ብርሃን መስጠትን በጊዜ ተማረ። አየርን ግን መጨረሻ ላይ ነው የተማረው፤ ከዚያም በኋላ እየደጋገመ ረስቶታል። በረሳው ቁጥር ደግሞ አንድ የሚሞት ነገር አለ።

(ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። እንቀጥል።)

የጢባርዮስ ጋሪ

በሉቃስ ወንጌል ስሙን የምታውቁት ጢባርዮስ ቄሣር (ከ14 እስከ 37 ዓ.ም. የገዛው) አንድ የማይተዋት ነገር ነበረችው። ፕሊኒ የተባለው ሮማዊ ጸሐፊ እንደሚነግረን፣ ንጉሡ ‹‹ኩኩሚስ›› የተባለውን ፍሬ ሳይበላ የሚውልበት ቀን አልነበረም ማለት ይቻላል። ፍሬው ለረጅም ዘመን ‹‹ኪያር›› ተብሎ ሲተረጎም ኖሯል፤ የቅርብ ጊዜ ተመራማሪዎች ግን ረጅምና ጠማማ የሜሎን ዓይነት ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። ኪያርም ይሁን ሜሎን፣ ችግሩ አንድ ነው፤ በብርድ ወራት አይበቅልም። ንጉሥ ደግሞ ‹‹ወቅቱ አይደለም›› አይባልም!

እናላችሁ አትክልተኞቹ መደቡን መሽከርከሪያ ባለው ጋሪ ላይ ሠሩት። ፀሐይ ስትወጣ እየገፉ ያወጡታል፤ ሲበርድ መልሰው ብርሃን በሚያሳልፍ ስስ ድንጋይ በተሠራ ክዳን ሥር ያስገቡታል። መስታወት ገና በሰፊው ያልተለመደበት ዘመን ነው። ይቺ ጋሪ በታሪክ ተጽፈው ከምናገኛቸው የመጀመሪያዎቹ ግሪን ሃውሶች አንዷ ናት። ልብ በሉ፣ ጋሪዋ በየቀኑ ስለምትወጣ ተክሉ ፀሐይ ብቻ ሳይሆን ንጹሕ አየርም ያገኝ ነበር። ለብርሃን ብለው ያደረጉት ነገር የአየሩንም ጉዳይ አብሮ ፈታላቸው።

ከ1,400 ዓመት በኋላ፣ በ1450ዎቹ፣ ጆን ሱን ኡይ የሚባል የኮርያ ሐኪም በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ሌላ ዘዴ እናገኛለን። ክፍሉ በጭቃ ጡብ ይታጠራል፤ በደቡብ በኩል በዘይት የተነከረ ወረቀት መስኮት ይደረግለታል፤ ከወለሉ ሥር የእሳት ሙቀት በቦይ ያልፋል። እሳቱ ከወለል በታች ስለሚሄድ ጭሱ ከተክሉ ጋር አይገናኝም። መጽሐፉ የተገኘው በ2001 ስለሆነ የግሪን ሃውስ ታሪክ በአውሮፓ ተጀመረ ይሉ የነበሩ ሰዎች አንድ ምዕራፍ መጨመር ነበረባቸው።

ከሰል ቤት ሲገባ

አውሮፓ ውስጥ በ1600ዎቹ የባለጸጋ መለያው ብርቱካን ነበር። ለብርቱካን ተብሎ ቤተ መንግሥት ይሠራል። የፈረንሳዩ ሉዊ 14ኛ በቬርሳይ ያሠራው የብርቱካን ቤት (ከ1684 እስከ 1686) ግድግዳው በሜትሮች የሚለካ ወፍራም ነው፤ መስኮቶቹ ወደ ደቡብ ያያሉ፤ እሳት ሳይነድበት ዛፎቹን ከውርጭ ያተርፋል። እንዲህ ዓይነት ግድግዳ ለመሥራት ግን ሉዊ 14ኛን መሆን ያስፈልጋል።

ሌላው ሰው ምን ያድርግ? እሳት ያስገባ! በ1621 በተመሠረተው የኦክስፎርድ የዕፅዋት አጸድ በብርድ ወራት ተክሎቹን የሚያሞቁት አራት ጎማ ባለው የብረት ጋሪ ላይ ከሰል አቀጣጥለው፣ ቤቱ ውስጥ ወዲያና ወዲህ እየጎተቱ እንደነበር ይነገራል። በጎማ የሚሄድ ማንደጃ በሉት።

ይሄን ስታነቡ የእናታችሁ ድምፅ ካልመጣባችሁ እዚህ አገር አላደጋችሁም። ‹‹ከሰሉ ሳይቀላ እንዳታስገቡ!›› እናቶቻችን ልክ ናቸው፤ ግን ነገሩ ከዚያም ይብሳል። ጭሱ ቢያልቅም ከሰሉ ቢቀላም ካርቦን ሞኖክሳይድ መውጣቱን አያቆምም። ሽታ የለው፣ ቀለም የለው፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ የተኛን ሰው ሳይቀሰቅስ ይወስዳል። ተክሉም ከዚህ ዓይነት ቤት አይተርፍም፤ ከከሰልና ከጋዝ ጭስ ጋር የሚወጣ ሌላ መርዝ አለ፤ ወደኋላ እመጣበታለሁ።

ነገሩን ቀድሞ የጠረጠረው ጆን ኢቭሊን የተባለ እንግሊዛዊ ነው፤ የቀን ማስታወሻ በመጻፍና በአትክልት ፍቅር የታወቀ ሰው። በ1691 በታተመው የአትክልተኞች መጽሐፉ ውስጥ አንድ ንድፍ አወጣ። ተክሉን የሚጎዳው ብርዱ ብቻ አይደለም፤ ታስሮ የከረመው አየርም ነው አለ። ስለዚህ ምድጃውን ከቤቱ ውጭ አደረገው። ከውጭ የሚገባው ንጹሕ አየር በእሳቱ መሃል በሚያልፍ ቱቦ ሞቆ ወደ ቤቱ ይገባል። እሳቱ ደግሞ ለመንደድ አየር ይፈልጋል አይደል? ያንን አየር የሚስበው ከቤቱ ወለል በተዘረጋ ቦይ ነው። በሌላ አነጋገር እሳቱ ራሱ አሮጌውን አየር እየጠጣ ያወጣል፤ በቦታው አዲስ ይገባል።

ኤሌክትሪክ የለ፣ ቬንቲሌተር የለ። ሰውየው ግን ‹‹መግቢያ›› እና ‹‹መውጫ›› የሚለውን ሐሳብ ከ300 ዓመት በፊት ወረቀት ላይ አስፍሮታል። ዛሬ የሚሠራ ማንኛውም ድንኳን ከዚህ ንድፍ የወጣ አዲስ ሕግ የለውም።

ቡናችን መስታወት ቤት ገባ

አሁን ነገሩ ወደ እኛ ይመጣል።

ከኢትዮጵያ ደን ወጥቶ የመን የተሻገረው ቡና በ1690ዎቹ በደች ነጋዴዎች አማካይነት ጃቫ ደረሰ። በ1706 አንድ የቡና ተክል ከጃቫ ተጭኖ አምስተርዳም የዕፅዋት አጸድ ገባ። አስቡት፤ ከምድር ወገብ አካባቢ የመጣ፣ ውርጭ የሚባል ነገር የማያውቅ ተክል፣ በሰሜን አውሮፓ ክረምት! ያተረፈው የሚሞቅ የመስታወት ቤት ነው። እዚያ አበበ፤ አፈራ፤ ችግኝ ሰጠ። በ1714 የአምስተርዳም ሹማምንት አንዱን ተክል ለሉዊ 14ኛ በስጦታ ላኩ፤ ፓሪስም በንጉሡ አጸድ መስታወት ቤት ተሰጠው። በ1718 ከአምስተርዳም ወደ ሱሪናም ተሻገረ።

በ1720ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ጋብሪየል ደ ክሊዩ የሚባል የፈረንሳይ የባሕር ኃይል መኮንን አንድ ችግኝ ይዞ ወደ ማርቲኒክ ደሴት ተጓዘ። ችግኙ በመስታወት በተከደነ ሳጥን ውስጥ እንደነበረ ይተረካል። መርከቡ ላይ የመጠጥ ውሃ ባጠረ ጊዜም የራሱን ድርሻ ለችግኙ እንዳካፈለው ሰውየው ራሱ ጽፏል። በ1727 ከፈረንሳይ ጊያና የተወሰደ ቡና ብራዚል ገባ። የቀረውን ታውቁታላችሁ፤ ብራዚል ዛሬ በዓለም አንደኛዋ ቡና አምራች ናት።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ላቲን አሜሪካን የሸፈነው የአረቢካ ቡና ትልቅ ክፍል የዘር ሐረጉ የሚቆጠረው ከእነዚያ ጥቂት የመስታወት ቤት ተክሎች ነው። ሳጥኑ ተክሉን አሻግሯል፤ ደኑን ግን አላሻገረም። በኢትዮጵያ ደን ውስጥ ያለው የቡና ዝርያ ስፋት በዚያች ጠባብ በር አላለፈም። ዘሩ የጠበበ ተክል ደግሞ በሽታ ሲመጣ አብሮ ይወድቃል። የቡና ቅጠል ዝገት በ1869 ሲሎን (የዛሬዋ ስሪላንካ) ላይ ሲነሳ የደሴቲቱን የቡና እርሻ በሁለት አሥርት ዓመታት ውስጥ ከጥቅም ውጭ አድርጎት፣ ገበሬው ወደ ሻይ ዞሯል። ‹‹የደን ቡናችን ይጠበቅ›› የሚሉ ሰዎች ሲናገሩ ስትሰሙ ይቺን የአምስተርዳም ክፍል አስታውሷት።

ቅጠል ያልበዋል

ለመሆኑ ተክሉ በተዘጋ ቤት ውስጥ ምን ይሆናል? በ1727፣ ቡና ብራዚል በገባበት በዚያው ዓመት፣ ስቲቨን ሄልስ የተባለ እንግሊዛዊ ቄስ የተክል ላብ መዝኖ መጽሐፍ አሳተመ። አንድ ሜትር ገደማ የሆነን የሱፍ አበባ ከነማሰሮው ጠዋትና ማታ ሚዛን ላይ እያወጣ፣ በ12 ሰዓት ውስጥ በአማካይ ከግማሽ ኪሎ በላይ ውሃ በቅጠሉ እንደሚተን አረጋገጠ። አንድ ተክል! እንግዲህ አሥር ተክል ያለበትን ድንኳን አስቡት። ያ ሁሉ ውሃ የሚሄደው የት ነው? መውጫ ከሌለው ግድግዳው ላይ ጤዛ ይሆናል፤ ጤዛው ሻጋታ ይሆናል።

ይኸው ሄልስ በ1740ዎቹ ለመርከብ፣ ለሆስፒታልና ለእስር ቤት የሚሆን የአየር መለወጫ ወናፍ ሠራ። የተክልን ላብ የመዘነውና ለእስረኛ አየር ያሰበው አንድ ሰው መሆኑ ደስ አይልም?

ቀሪውን ሌሎች ሞሉት። በ1771 ጆሴፍ ፕሪስትሊ ሻማ ነዶ በጠፋበት የመስታወት ክዳን ውስጥ የናና ቅርንጫፍ አስቀምጦ፣ ከቀናት በኋላ ሻማው ዳግም መንደድ ቻለ። በ1779 ያን ኢንገንሃውስ ይህ የሚሆነው በብርሃን ብቻ እንደሆነ አሳየ፤ በጨለማ ተክሉም እንደኛው አየሩን ያበላሻል። ዛሬ በቀላል ቋንቋ እንዲህ እንላለን፦ ቅጠሉ ላይ ያሉት ጥቃቅን ቀዳዳዎች ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስገባሉ፣ ኦክስጅንና የውሃ እንፋሎት ያስወጣሉ። ከአየር 10,000 እጅ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ 4 ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ በደንብ በተዘጋ ሳጥን ውስጥ፣ በብርቱ መብራት ሥር ያለ ተክል ያቺን ጥቂት ቶሎ ይጨርሳታል። ከዚያ በኋላ መብራቱ ቢበራም ሥራ የለውም፤ ምግቡ ያለቀ ወጥ ቤት ውስጥ ምድጃ እንደ ማንደድ ነው።

የዶክተር ዋርድ ጠርሙስ

አስተዋይ አንባቢ እዚህ ጋ እጁን ያወጣል። ‹‹ታዲያ በተዘጋ ጠርሙስ ውስጥ ለዓመታት የኖሩት ተክሎችስ?››

ጥሩ ጥያቄ ነው። ናትናኤል ዋርድ በምሥራቅ ለንደን የሚኖር ሐኪም ነበር። የፈርን ተክል ይወዳል፤ ግን ሰፈሩ በድንጋይ ከሰል ጭስ የታፈነ ስለሆነ የተከላቸው ሁሉ ይሞቱበታል። በ1829 የእሳት እራት ከሙሽሬዋ ስትወጣ ለማየት ብሎ እርጥብ አፈር ያለበት ክዳን ያለው ጠርሙስ ውስጥ አስቀመጣት። ከአፈሩ ሳያስበው ፈርንና ሣር በቀለ። ደጅ የሚሞተው ተክል ጠርሙስ ውስጥ ወደ አራት ዓመት ገደማ ኖረ፤ የሞተውም ክዳኑ ዝጎ ዝናብ ሲገባበት ነው።

ዋርድ ነገሩን ወደ ሳጥን አሳደገው። በ1833 ሁለት የመስታወት ሳጥኖች በፈርንና በሣር ሞልቶ በመርከብ ሲድኒ ላከ፤ በደህና ደረሱ። በ1834 ሳጥኖቹ በአውስትራሊያ ተክሎች ተሞልተው ስምንት ወር ተጉዘው ለንደን ገቡ። ሐሩርንም በረዶንም አልፈው፣ በሕይወት! ከዚያ በፊት ባሕር የሚሻገሩ ተክሎች አብዛኞቹ በጨው ነፋስና በውሃ ጥም ያልቁ ነበር። የዋርድ ሳጥን ግን ጨዉን አያስገባም፤ ውሃውም ተንኖ፣ ክዳኑ ላይ ጤዛ ሆኖ፣ ተመልሶ አፈሩ ላይ ይንጠባጠባል።

ከዚያ በኋላ ሳጥኗ የኢምፓየሮች መሣሪያ ሆነች። ሮበርት ፎርቹን ከ1848 እስከ 1851 ባደረገው ጉዞ ከቻይና በሺዎች የሚቆጠሩ የሻይ ችግኞችን ወደ ሕንድ አሻገረባት። በ1876 ሄንሪ ዊክሃም ወደ 70,000 የሚጠጋ የጎማ ዛፍ ዘር ከብራዚል ለንደን አደረሰ፤ ዘሩ በኪው አጸድ በቅሎ፣ ወደ 1,900 ችግኞች በዋርድ ሳጥን ወደ ሲሎን ተላኩ። የአማዞን የጎማ ሀብት የወደቀው በዚህ መንገድ ነው። ሰይፍ የለበትም ብያችሁ አልነበር? ሰይፍ የማይሠራውን የመስታወት ሳጥን ሠራው።

ወደ ጥያቄው ልመለስ። የዋርድ ሳጥን ለምን ተሳካ? ሁለት ምክንያት አለ። አንደኛ፣ ሙሉ በሙሉ አየር የማያስገባ አልነበረም፤ ዋርድ ራሱም ይህን አስረድቷል። ቀን ሲሞቅ ውስጡ ያለው አየር ይሰፋል፣ ሌሊት ሲበርድ ይኮማተራል፤ በስንጥቁ በኩል ጥቂት በጥቂት ይወጣል ይገባል። ሁለተኛና ዋናው፣ ሳጥኗ የተሠራችው ተክሉን በሕይወት ለማቆየት ነው። ፈርን በጥላና በእርጥበት ቀስ ብሎ የሚኖር ተክል ነው። ከቲማቲም የምንፈልገው ግን መኖርን ብቻ አይደለም፤ በሁለት ሦስት ወር አድጎ እንዲያፈራ ነው። በሕይወት መቆየትና ማደግ ለየብቻ ናቸው። የመጀመሪያው በትንሽ አየር ይሆናል፤ ሁለተኛው አይሆንም። ሐሳቡ ከተክልም ያልፋል መሰለኝ፤ ግን ዛሬ ስለ ተክል ነው የማወራው።

የተጠማዘዘው አተር፣ የሻገተው አበባ

ወደኋላ እመጣበታለሁ ያልኩት መርዝ ይኸውላችሁ። ዲሚትሪ ኔልዩቦቭ የተባለ ሩሲያዊ ተመራማሪ በሴንት ፒተርስበርግ ቤተ ሙከራ ውስጥ የሚያበቅላቸው የአተር ቡቃያዎች ወደ ላይ ማደጉን ትተው ይወፍራሉ፣ ያጥራሉ፣ ወደ ጎን ይጋደማሉ። የደጅ አየር ሲሰጣቸው ይስተካከላሉ። ጥፋተኛው የክፍሉ የጋዝ መብራት ሆኖ ተገኘ፤ በ1901 ይፋ እንዳደረገው ከጋዙ ውስጥ ይህን የሚያደርገው ኤቲሊን ነው። ኤቲሊን አዲስ አይደለም፤ አቮካዶን ከሙዝ ጋር ጠቅልላችሁ ስታበስሉ የምትሠሩበት ጋዝ ነው። ጥቅልል ውስጥ ፍሬ ያበስላል፤ ቡቃያ ያለበት ድንኳን ውስጥ ሲጠራቀም ግን እድገት ያዛባል።

ከዚያ በኋላ ብርሃኑ እየተሻሻለ ሄደ። ዊልያም ሲመንስ በ1880 በኤሌክትሪክ መብራት ተክል እንደሚያድግ አሳይቶ ነበር፤ ዛሬ ኤልኢዲው በትንሽ ዋት ብዙ ይሠራል። መስታወትም ርካሽ ምትክ አገኘ። በ1948 በአሜሪካ ኬንተኪ ዩኒቨርሲቲ ኤመሪ ኤመርት የተባለ መምህር መስታወት ቢወደድበት የእንጨት ፍሬም ሠርቶ ሴሎፎን አለበሰው። የፕላስቲክ ግሪን ሃውስ አባት ይሉታል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ በሆለታ፣ በሰበታና በዝዋይ (ባቱ) የተዘረጉት፣ ኢትዮጵያን በአበባ ኤክስፖርት ከኬንያ ቀጥሎ በአፍሪካ ሁለተኛ ያደረጉት የጽጌረዳ ቤቶች የዚያ የሴሎፎን ቤት የልጅ ልጆች ናቸው። ከመንገድ ስታዩዋቸው ጎናቸው ላይ ተጠቅልሎ የሚነሳ ፕላስቲክ አለ፤ እሱ ለውበት አይደለም። አየሩ ካልተላወሰ ግራጫ ሻጋታ እምቡጡን ይበላዋል።

ይህን ሁሉ ካወቅን በኋላስ አልረሳንም? ረስተናል እንጂ፤ ያውም ጠፈር ላይ! በ2015 መጨረሻ በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ዚኒያ የተባለ አበባ በትንሽ የኤልኢዲ ሳጥን ውስጥ ይበቅል ነበር። ቅጠሉ ላይ ውሃ ተጠራቀመ፣ ከዚያ ሻጋታ ያዘው። እዚያ ሞቃት አየር ወደ ላይ አይወጣም፤ ክብደት በሌለበት ‹‹ላይ›› የሚባል የለም፤ ስለዚህ ከማራገቢያ በቀር አየሩን የሚያንቀሳቅሰው የለም። ጠፈርተኛው ስኮት ኬሊ የሻገተውን ቅጠል ቆርጦ፣ ማራገቢያው ፍጥነቱ ተጨምሮ፣ ከተረፉት ተክሎች በጥር 2016 አበባ ፈካ። የዓለማችን ውዱ አትክልት ቤት የዳነው በማራገቢያ ነው።

እንግዲህ ድንኳኑ

(ይህ ድንኳን በአሜሪካና በአውሮፓ ስሙ ብዙ ጊዜ ከካናቢስ ጋር ይነሳል። እኛ የምናወራው ስለ ቃሪያ ነው። ተግባባን?)

አንድ ሜትር በአንድ ሜትር፣ ቁመቱ 1.8 ሜትር ይሁን። አጥንቱ የፕላስቲክ ቱቦ ወይም ቀጭን እንጨት፤ ልብሱ ብርሃን የማያሳልፍ ወፍራም ፕላስቲክ፤ ውስጡ ነጭ። ውስጡ የሚይዘው አየር 1.8 ሜትር ኩብ ነው። በሰዓት 60 ሜትር ኩብ የሚያወጣ ማራገቢያ ከሁለት ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ይለውጠዋል።

መውጫው ከላይ ይሁን፤ ሞቃት አየር እዚያ ነውና። መግቢያው ከታች፣ በተቃራኒው ጎን፤ ስፋቱም ከመውጫው ሁለት እጥፍ ያህል ይሁን፤ አለበለዚያ ማራገቢያው እየታነቀ ይሠራል። ማራገቢያው አየር እንዲያስገባ ሳይሆን እንዲያስወጣ አድርጋችሁ ግጠሙት። ሲሠራ የድንኳኑ ግድግዳ በትንሹ ወደ ውስጥ ከተሳበ ልክ ነው። ሶፍት ቀዳችሁ መግቢያው ጋ ያዙት፤ ወደ ውስጥ ከተሳበ ጆን ኢቭሊን ደስ ይለዋል። ሌላ ትንሽ ማራገቢያ ደግሞ ውስጥ ይኑር፤ ቅጠሉ በስሱ እንዲወዛወዝ። የሚወዛወዝ ግንድ ይጠነክራል፤ የረጋ አየር ውስጥ ያደገ ቡቃያ ከሥሩ ቀጥኖ ይወድቃል።

አሁን የአዲስ አበባ ጉዳይ። በውጭ አገር የተጻፈ መመሪያ ይዛችሁ ከሆነ አንድ ነገር ይጎድለዋል። 100 ዋት መብራት የሚያወጣውን ሙቀት ተሸክሞ፣ ድንኳኑ ከክፍሉ በ5 ዲግሪ ብቻ እንዲበልጥ ለማድረግ በባሕር ጠለል 60 ሜትር ኩብ በሰዓት ይበቃል። አዲስ አበባ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሯ ከባሕር ጠለሉ በሩብ ገደማ የሳሳ ነው። የሳሳ አየር የሚሸከመው ሙቀት ያንሳል። ስለዚህ እዚህ ለዚያው ሥራ ወደ 80 ሜትር ኩብ ያስፈልጋል። ማራገቢያ ስትገዙ ከተጻፈው አንድ ቁጥር ከፍ በሉ።

ኤሌክትሪኩን በተመለከተ፦ ማከፋፈያው ወለል ላይ አይቀመጥ፤ ከውሃው ከፍ ብሎ ከድንኳኑ ውጭ ይሁን። ገመዱ ወደ ሶኬቱ ከመድረሱ በፊት ወደ ታች ይርገብ፤ በገመዱ የሚወርድ ጠብታ እዚያው ይወድቃል፣ ሶኬት አይገባም። መብራት ሲጠፋ (ይጠፋልና!) በሩን ክፈቱት። የኅዳር ብርድ ከብዶ ድንኳኑን ማሞቅ ቢያምራችሁ፣ እባካችሁ ከሰል አይታሰብ። የኦክስፎርዱ ጋሪ ታሪክ ሆኖ ይቅር።

መጨረሻ ላይ አንድ ነገር ብቻ። ድንኳኑ አየሩን የሚያወጣው ወደ የት ነው? ወደ መኝታ ክፍላችሁ ከሆነ እርጥበቱና ሻጋታው ቦታ ቀየረ እንጂ አልሄደም። ፀረ ተባይ ከረጫችሁበት ደግሞ ያንኑ የምትተነፍሱት እናንተ ናችሁ። በትልልቆቹ ግሪን ሃውሶችም ሕጉ ያው ነው፤ ኬሚካል ከተረጨ በኋላ ቤቱ ሳይናፈስ ሠራተኛ መግባት የለበትም። ጽጌረዳውን የሚቆርጡት እጆች አብዛኞቹ የእኛው እኩዮች፣ ወጣት ሴቶች ናቸው። ስለዚህ ‹‹ተናፍሷል ወይ?›› የሚለው ጥያቄ ለአበባው ብቻ የሚጠየቅ አይደለም።

መብራት ገንዘብ ይፈልጋል። ፕላስቲኩም፣ አፈሩም፣ ዘሩም ይገዛል። አየር ግን ደጅ ቆሞ ይጠብቃል፤ የሚፈልገው ሁለት ቀዳዳ ነው፤ አንዱ ከታች፣ አንዱ ከላይ። የመጀመሪያው ቃሪያችሁ ሲደርስ ጥሩኝ፤ እንጀራውን እኔ ይዤ እመጣለሁ።

ቸር ያሰንብተን።